ከፒትስበርግ እስከ ጆርጅታውን በብስክሌት፦ አንድ ጥያቄና ያስከተለው ክርክር

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ ባለ የውይይት መድረክ የለጠፈው ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወጣት ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር እስከ ፒትስበርግ በባቡር ሄዶ፣ ከዚያ በብስክሌት ወደ ዋሽንግተን ዲሲ መመለስ አስቧል። ርቀቱ 335 ማይል ገደማ ነው። በኪሎ ሜትር ወደ 540 ይጠጋል። ሦስት ነገር ጠየቀ። ከተማ ውስጥ የሚነዳት ቀጭን ጎማ ያላት ብስክሌት ትበቃለች ወይ? ድንኳን ይያዝ ወይስ ሆቴል ይደር? በስንት ቀን ያልቃል? መጨረሻ ላይ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ልምምድ ብዙም እንደማያስፈልግ ጨመረ። ክርክሩን ያቀጣጠለችው ይህቺ የመጨረሻዋ መስመር ናት።

ምላሾቹን ከላይ እስከ ታች አንብቤ እዚህ የማስቀምጠው መንገዱን ስለምወደው ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ስንት ሀበሻ እንዳለ ይታወቃል። የመንገዱ ጫፍ እዚያው ዲሲ፣ ጆርጅታውን ሰፈር ውስጥ ነው ያለው። ግን ከእኛ ሰው ጋር ስለ እሱ ሳወራ አብዛኛው ሰምቶት አያውቅም። ይሄ ያንገበግበኛል።

መልስ የሰጡትን በየተራቸው ቁጥር ነው የምጠራቸው። ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ መንገዱ አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን አስረዳ። ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ ሜሪላንድ ያለው 150 ማይል ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ይባላል። ባጭሩ ጋፕ ነው የሚሉት። ድሮ ባቡር ይሄድበት ነበር። ሐዲዱ ተነስቶ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ተደለደለበትና የብስክሌት መንገድ ሆነ። ከከምበርላንድ እስከ ጆርጅታውን ያለው 184.5 ማይል ደግሞ ሲ ኤንድ ኦ (ቼሳፒክ ኤንድ ኦሃዮ) የሚባለው የድሮ የጀልባ ቦይ ዳርቻ ነው። እዚህኛው ላይ ባቡር አልነበረም። በቅሎዎች በቦዩ ዳር እየሄዱ ጀልባ በገመድ ይጎትቱበት ነበር። ስለዚህ ሁለቱን እንደ አንድ መንገድ አይቶ ማቀድ እንደማያዋጣ መከረ። ትክክል ነው። ከዚህ በኋላ የተጻፈው ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

ቁጥር 2 ጓደኛው በሦስት ቀን እንደጨረሰው ጽፎ ሄደ። ቁጥር 3 ደግሞ ሦስት ቀን ለሽቅድምድም እንጂ ለጉዞ እንደማይሆን መለሰለት። ስድስት ወይም ሰባት ቀን ነው የሚመክረው።

ቁጥር 4 ላይ ነገሩ ጠበቅ አለ። ይህ ሰው መንገዱ ሜዳ ነው መባሉን በፍጹም አልተቀበለም። ፒትስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 720 ጫማ ገደማ ነው። ከምበርላንድ ሊደረስ 24 ማይል ሲቀር ግን 2,392 ጫማ ላይ ይደረሳል። እዚያ ያለው ጋራ ውሃ የሚከፍል ነው። ከወዲህ የወረደ ዝናብ ወደ አትላንቲክ ይሄዳል፤ ከወዲያ የወረደ ደግሞ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ። ዳገቱ ለባቡር የተሠራ ስለሆነ ለዓይን አይታይም። እግር ግን ያውቀዋል።

የዚህ ሰው ዋና ነጥብ ግን ሌላ ነው። ዳገትና ቁልቁለት ባለበት መንገድ ሰውነት ቦታ ይቀይራል። ዳገት ላይ ብድግ ይባላል፤ ቁልቁለት ላይ እግር ያርፋል። እዚህ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ መርገጥ ነው። አንድም ቀን አምስት ሰዓት ኮርቻ ላይ ያልተቀመጠ ሰው በሦስተኛው ቀን መቀመጥ እንደሚያቅተው፣ የእጁም ጣቶች እንደሚደነዝዙ ጻፈ። ልምምዱ ለሳንባ ሳይሆን ለመቀመጫ ነው ባይ ነው። ከምላሾቹ ሁሉ ብልጫ የምሰጠው ለዚህ ነው። ቃናው ግን ሻከር ያለ ነበር። ጠያቂውን መንገዱን ንቀሃል ብሎ ተቆጣው።

ቁጥር 5 ጣልቃ ገብታ ልጁ ለማወቅ ብሎ የጠየቀ እንጂ የናቀ እንዳልሆነ አሳሰበች። ቀጥላም ስለ ጎማ ጻፈች። 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ይዛ ነው የሄደችው። ጋፕን በሰላም ጨረሰች። ከከምበርላንድ በኋላ ግን ዝናብ መጣ። የቦዩ ዳር አፈር ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ጭቃው ጎማውና ፓራፋንጎው መሃል ገብቶ ታጨቀ፤ የኋላው ጎማ ጭራሽ አልዞር አለ። በእንጨት እየጫረች ታወጣለች፣ መቶ እርምጃ ሳትሄድ መልሶ ይሞላል። በመጨረሻ ፓራፋንጎውን ፈትታ ሻንጣዋ ላይ አሰረችውና ጀርባዋ እስከ አንገቷ ጭቃ እየተረጨ ሄደች። ምክሯ 40 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጎማ፣ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያና ጥሩ ፓምፕ ነው። ጎሚስታ በየመንገዱ የለም።

ቁጥር 6 በከፊል አረማት። ቦዩን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ፓርክ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ማይል መንገድ ላይ ጠጠር አልብሶ አስተካክሏል። የድሮው ወሬ ዛሬ ላይ ሁሉም ቦታ እንደማይሠራ ጻፈ። በተጨማሪ አንድ የሚጠቅም ነገር አነሳ። ሃንኮክ በምትባለው ከተማ ግራና ቀኝ ዌስተርን ሜሪላንድ የሚባል ሌላ የድሮ ሐዲድ መንገድ አለ። ከቦዩ ጎን ለጎን ከ25 ማይል በላይ ይሄዳል። አስፋልት ነው። ዝናብ ከመጣ ወደዚያ ተሻግሮ መንዳት ይቻላል። ይህን የማያውቅ ሰው ጭቃው ውስጥ ሲዳክር አስፋልቱ እዚያው አጠገቡ ነው።

ከ7 እስከ 9 ያሉት ከየት ወደ የት ይሻላል በሚለው ተከራከሩ። አንዱ ከዲሲ መነሳት ይሻላል አለ፤ ከቤት ወጥቶ መጀመር ነው። ሌላው ከምበርላንድ ሲደረስ 24 ማይል ዳገት እንደሚጠብቀው አስታወሰው። በየመቶ ጫማው ሁለት ጫማ እንኳ አይሞላም ዳገቱ፤ ግን ፋታ የለውም። ከፒትስበርግ ለሚነሳ ሰው ይኸው 24 ማይል ቁልቁለት ነው። ሦስተኛው ነገሩን በአንድ መስመር ዘጋው። ከፒትስበርግ የተነሳ ሰው ጉዞውን የሚጨርሰው ቤቱ ነው፤ ደክሞት ባቡር አይጠብቅም። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

ስለ ዋሻዎቹ የጻፈው ቁጥር 10 ነው። ረጅም ነው፤ ደስ ይላል። ጋፕ ላይ ቢግ ሳቬጅ የሚባለው ዋሻ ወደ 3,300 ጫማ ይጠጋል። መብራት አለው። ክረምት ሲገባ ግን በሩ ይዘጋል፤ ከዲሴምበር ገደማ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ድረስ። ፖ ፖ የሚባለው የቦዩ ዋሻ ደግሞ 3,118 ጫማ ሆኖ መብራት የለውም። በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው የእንጨት አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ውሃ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ብስክሌቱን መግፋት ነው ያለው። ከላይ ውሃ ጠብ ይላል። ባትሪ ሲበራ በዙሪያ ጡብ ብቻ ነው የሚታየው። ከ6 ሚሊዮን በላይ ጡብ ገብቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1836 ሲጀመር በሁለት ዓመት ያልቃል ተብሎ ነበር። ያለቀው በ1850 ነው። እሱ ዋሻው መሃል ላይ ባትሪውን አጥፍቶ ትንሽ እንደቆመ ጻፈ። ሁለቱም ጫፍ የሳንቲም ያህል ብርሃን ብቻ ይታይ ነበር።

ወደ መኝታው ስንመጣ ቁጥር 11 ድንኳን ያዙ አለ። በቦዩ በኩል በየአምስት ሰባት ማይሉ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ብቻ የተዘጋጀ ነጻ ማደሪያ አለ። ቀድሞ የደረሰ ያድራል፤ አንድ ቦታ ላይ አንድ ሌሊት ብቻ። ጠረጴዛ አለው፣ የእሳት ማንደጃ አለው፣ ሽንት ቤት አለው፣ በእጅ የሚገፋ የውሃ ፓምፕ አለው። ጋፕ ላይ ግን እንዲህ በየቦታው አይገኝም። ከተሞቹ ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ እዚያ ማደር ይቀላል። ኮነልስቪል፣ ኦሃዮፓይል፣ ኮንፍሉየንስ፣ ማየርስዴል፣ ፍሮስትበርግ፤ በእነዚህ ሁሉ ብስክሌተኛ የለመደ ማረፊያ አለ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አልጋ ላይ፣ የኋለኞቹን ድንኳን ውስጥ የሚል ሐሳብ አቀረበ።

ቁጥር 12 ነርስ ነች። ሥራዋን የገለጸችው ለምክሯ ክብደት ለመስጠት ነው፤ ምክሯም ክብደት ነበረው። የፓምፖቹ ውሃ በአዮዲን የታከመ ነው። የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰው የራሱን ማጣሪያ ቢይዝ ይሻላል። ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ደግሞ የፓምፑ እጀታ ይነሳል። በዚያ ወቅት የሚሄድ ሰው ውሃውን ከከተማ ሞልቶ መነሳት አለበት። ከዚያ ወደ መዥገር አለፈች። በቦዩ አጠገብ በሚወርደው ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው ሣር መዥገር አለው፤ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ማታ ማታ ከጉልበት ኋላ፣ ብብት ሥር፣ ጸጉር ውስጥ መፈተሽ ነው። ከተገኘ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግቶ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ። እኛ አገር እንደሚደረገው ቅቤ መቀባት ወይም እሳት ማስጠጋት ክልክል ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከወጣ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ክብ ሽፍታ ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

እንግዲህ ቁጥር 13 ላይ የመድረኩ አየር ተቀየረ። ጸሐፊው ሀበሻ ሆኖ በዚያ የገጠር አገር ብቻውን መሄድ ሞኝነት ነው አለ። የማያውቀውን ሰው የሚጠራጠር ሕዝብ እንዳለ፣ ስልክም በየቦታው እንደማይሠራ፣ አንድ ነገር ቢደርስ ማን ይደርሳል ሲል ጠየቀ። ቁጥር 14 በኃይለ ቃል ወረደበት። ሄዶ ሳያይ የሰው ስም ያጠፋል፣ ሰውንም ያስፈራራል አለው። ቁጥር 13 ተመልሶ መጥቶ የልጆች አባት መሆኑን፣ ፍርሃቱም ከኖረበት የመጣ እንጂ ከወሬ ያልሆነ መሆኑን ጻፈ። ቁጥር 14 በዚያም አልበረደም።

ያበረደችው ቁጥር 16 ነች። ብቻዋን ሄዳለች። ለሁለቱም ወንድሞቼ እያለች ነው የጻፈችው። ፍርሃቱን እንደማትንቀው፣ እሷም ይዛው እንደተነሳች ተናገረች። ያጋጠማት ግን ሌላ ነው። ማየርስዴል የድሮው ባቡር ጣቢያ በር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ከየት እንደመጣች ጠይቀው ብርጭቆ ውሃ አቀበሏት። ካቴናዋ ሲበጠስ የሚያልፉ ባልና ሚስት ቆመው መሣሪያ አዋሷት። ምቾት የነሳት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው መኪናውን አቁሞ ሲያያት። ከዚያ ቦታ ርቃ ማደሪያ መረጠች። ልማዷ ይሄ ነው፦ የምታድርበትን ቦታ በየቀኑ ለእህቷ ትልካለች፤ ስልክ የማይሠራበትን ክፍል አስቀድማ ታውቃለች፤ ከመሸ አትነዳም። ስለ ፍርሃት ማውራት ያለበት እንደሷ መንገዱን የሄደ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ቁጥር 13ም የሚናገረው አለው፤ የልጅ አባት ሆኖ መስጋቱ ነውር አይደለም። ነውሩ እሱን መስደብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምግብ መጣ፤ ሁሉም ሰው ተናጋሪ ሆነ። ቁጥር 17 ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው በእነዚያ ትናንሽ ከተሞች ምን እንደሚገኝ ጠየቀ። ፒዛና ሀምበርገር ብቻ እንዳይሆን ሰግቷል። ቁጥር 18 በሶ አለው። ሌላ አልጨመረም። ቁጥር 19 ግን አብራራ። በሶውን በትንንሽ ፌስታል ከፋፍሎ ይይዛል። ጠዋት ኩባያ ውስጥ ውሃና ማር ጨምሮ በጣቱ እያሸ ይጠቀልለዋል፤ ሁለት ጉርሻ በልቶ ይነሳል። እስከ እኩለ ቀን አይርበውም። ኪሱ ውስጥ ደግሞ ዳቦ ቆሎ። በየሱቁ የሚሸጠው ጣፋጭ ብስኩት አፍ ሲያደርቅ ዳቦ ቆሎ ግን ሆድ እንደሚይዝ ጻፈ።

ቁጥር 20 በዚህ አላበቃችም። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይዛ ሽሮ እንደምትሠራ፣ ድርቆሽም ሰብራ እንደምትፈተፍትበት ተናገረች። የሽሮው ዱቄት ቅመሙና ጨው ገብቶበት ስለተዘጋጀ የሚያስፈልጋት ዘይትና ውሃ ብቻ ነው። አጠገቧ ድንኳን የተከሉ አሜሪካኖች ሽታው ስቧቸው መጡ፤ አበላቻቸው። ቁጥር 21 ምግብ ድንኳን ውስጥ ማሳደር ራኩን የሚባለውን የዱር እንስሳ እንደሚጠራ አስጠነቀቀ። ቦርሳውን ቀዶ የገባበት ሰው ነው፤ በአንድ ሌሊት የሁለት ቀን ስንቁን አጥቷል። ከዛፍ ላይ ማንጠልጠል ነው መፍትሔው።

ቁጥር 22 አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ነው። ሙሉውን መንገድ ከመሄድ በፊት የሁለት ቀን ሙከራ ጠቆመ። ቨርጂኒያ ውስጥ ደብሊው ኤንድ ኦዲ የሚባለው አስፋልት መንገድ አለ። እሱም የድሮ ባቡር መስመር ነው። ከአርሊንግተን ተነስቶ በፎልስ ቸርች፣ በቪየናና በሊስበርግ አልፎ ፐርሰልቪል ድረስ 45 ማይል ይሄዳል። ከሊስበርግ በዋይትስ ፌሪ ጀልባ ፖቶማክን ተሻግሮ በቦዩ ዳር ወደ ጆርጅታውን መመለስ ይቻላል አለ። ቁጥር 23 ወዲያው ቆረጠው። ጀልባው በዲሴምበር 2020 ሥራ አቁሟል፤ በወደቡ ቦታ ላይ በተነሳ ክርክር ምክንያት። ሰውን ወንዝ ዳር አድርሶ እንዲመለስ የሚያደርግ ምክር አትስጥ የሚል ነበር አነጋገሩ። ቁጥር 22 ሳይቀየም አመሰገነ። እርማቱ ትክክል ነበር። ግን ለሰው እርማት ሲሰጥ ሌላ መንገድም መጠቆም ነበረበት። ስለዚህ እኔ ልጠቁም፦ ሙከራ ለሚፈልግ ሰው ከጆርጅታውን በቦዩ ዳር ወጥቶ ብራንስዊክ ድረስ 55 ማይል ነው። መሃል ላይ ነጻ ማደሪያዎቹ አሉ። በማግስቱ በዚያው መንገድ መመለስ። ይህን በሁለት ቀን የቻለ ሰው ሙሉውን በሰባት ቀን ይችለዋል።

ቁጥር 24 ላይ አንድ ጋሼ ገቡ። ድሬዳዋ ነው ያደጉት፤ አባታቸው ሸመንደፈር ሠራተኛ ነበሩ። መንገዱን አልሄዱበትም፤ የጻፉት ሐዲድ ስለሚባለው ነገር ነው። የጅቡቲው መስመር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር ነው። በልጅነታቸው አዋሽ ጣቢያ ሲደርሱ ባቡሩ እስኪነሳ ድረስ ቡፌው በረንዳ ላይ ይሯሯጡ እንደነበር አስታወሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 አዲሱ ባቡር በሌላ መስመር ተመርቆ የድሮው ተረሳ። አሜሪካኖቹ የሞተ ሐዲዳቸውን እንዲህ ካደረጉት፣ እኛስ አዋሽ ጣቢያ አካባቢ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንኳ ለምን አንሞክርም ሲሉ ጠየቁ።

ቁጥር 25 ክብር ጎድሎት መለሰ። ሰው አምቡላንስ የሚያልፍበት መንገድ ባጣበት አገር የብስክሌት መዝናኛ ማለም ቅንጦት ነው አለ። በሐዲዱ ዳር ቤት የሠራ፣ ከብት የሚያግድ ሕዝብ አለ፤ መፈናቀል ነው የምታስቡት ሲል ጨመረ። ቁጥር 26 ጋሼን አንቱ ማለት እንኳ እንዳቃተው ገሠጸው። ከዚያ የአሜሪካውን አሠራር አስረዳ። በ1983 የወጣ ሕግ አለ። የባቡር ድርጅት መስመሩን ሲተወው መሬቱ ተቆራርሶ በየባለቤቱ ከሚበተን፣ ለብስክሌት መንገድ እየዋለ ሳይቆረጥ እንዲቆይ ይፈቅዳል። አንድ ቀን ባቡር ካስፈለገ ይመለሳል። ስለዚህ ነገሩ መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ መስመሩን ለነገ ማቆየት ነው።

እኔ የቁጥር 25ን ጥያቄ አልጥለውም። በሐዲዱ ዳር የሚኖረው ሰው መጀመሪያ መጠየቅ አለበት። አገር ቤት መሬት የመንግሥት ስለሆነም የሕግ ጣጣው እንደዚህኛው አይደለም። ግን ብስክሌትን ቅንጦት ማለቱ አይዋጥልኝም። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ የኖረ ሰው ይጠየቅ። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ሠራተኛው በብስክሌት ነው የሚሄደው። ጋሼ ያሉት ጥቂት ኪሎ ሜትር ጎብኚም ተማሪም ሊሄድበት ይችላል። ድልድዩና ድልድሉ ተሠርቶ ያለ ነገር ነው።

ጋሼ ቁጥር 27 ላይ ሳይቆጡ ተመለሱ። ሲ ኤንድ ኦም ዝም ብሎ የተገኘ እንዳልሆነ አስታወሱ፤ አንብበው ነው የመጡት። ቦዩ የተጀመረው ጁላይ 4 ቀን 1828 ነው። በዚያው ቀን ቢ ኤንድ ኦ (ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ) የሚባለው ባቡር መስመርም ተጀመረ። ባቡሩ ከምበርላንድ የደረሰው በ1842፣ ቦዩ በ1850። ቦዩ 74 ሎኮች አሉት፤ ጀልባውን በውሃ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ባለ በር የድንጋይ ገንዳዎች ናቸው። በ1924 ጎርፍ መታውና ሥራው ቆመ። በኋላ መኪና መንገድ ሊሠራበት ታሰበ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በ1954 የዋሽንግተን ፖስት አዘጋጆችን አብረውኝ በእግር ሂዱና እዩት ብለው ጋበዙ። ከከምበርላንድ እስከ ዋሽንግተን ሙሉውን የጨረሱት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። የመኪናው መንገድ ሐሳብ ቀረ፤ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። ጋሼ ይህን ጽፈው አበቁ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም፤ መልስም የሚያሻ አልመሰለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርላቸው። ሎኮቹ ጋ ቆም ብሎ የድንጋዩን ጠርዝ የዳሰሰ ሰው በቅሎዎቹ ሲጎትቱት የነበረው ገመድ የበላውን ጎድጓዳ መስመር በጣቱ ያገኘዋል።

ቁጥር 28 ስለ ባቡር ነው። ካፒቶል ሊሚትድ የሚባለውን ባቡር ያዙ አለ። ቁጥር 29 እሱ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ፍሎሪዲያን በሚባለው መተካቱን አረመ። ከዲሲ ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ፒትስበርግ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይደርሳል። የብስክሌት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ከሰው ትኬት ጋር አብሮ መያዝ አለበት። ሦስት ሰው ሦስት ብስክሌት ይዞ ከሆነ በዋዜማው የሚሆን ነገር አይደለም። ጣቢያው አቅራቢያ ያለ ሆቴልም አስቀድሞ መያዝ ነው፤ በዚያ ሰዓት ማደሪያ ፍለጋ መዞር አይገባም።

ጠያቂው ቁጥር 30 ላይ ተመለሰ። ጎማውን ወደ 40 ሊቀይር ወስኗል። ጉዞውን ወደ ኦክቶበር መጀመሪያ አዛወረው፤ ዋሻው ክፍት ነው፣ ሙቀቱ ቀንሷል፣ የፓምፕ ውሃም አለ። ሰባት ቀን። እስከዚያ በየሳምንቱ መጨረሻ ጓደኞቹን ይዞ ከጆርጅታውን ይነሳል። ቁጥር 4ን በስም ጠርቶ አመሰገነ። ቁጥር 4 ግን ዝም አለ።

አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ቁጥር 31 እናቷ ከአዲስ አበባ ሊጠይቋት እየመጡ ነው፤ የ12 ዓመት ልጅም አላት። ለቤተሰብ የሚሆን ክፍል አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ሌሎቹ አሁንም ስለ ጎማ ይከራከሩ ስለነበር አላዩዋትም። አለ፣ እህቴ። ከከምበርላንድ ወደ ፍሮስትበርግ የሚወጣ የጉብኝት ባቡር አለ፤ ብስክሌት ይጭናል። ወደ ላይ በባቡር ወጥታችሁ ከፍሮስትበርግ እስከ ከምበርላንድ 15 ማይል ገደማ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ልጅሽ ፔዳል የሚረግጠው አልፎ አልፎ ነው። ፍሬኖቹን ግን ከመነሳትሽ በፊት አስፈትሺ። ብሩሽ የሚባለው ዋሻ ውስጥ የጉብኝት ባቡሩና ብስክሌቱ ጎን ለጎን ስለሚያልፉ የባቡሩን ሰዓት ጠይቂ። እናትሽ ብስክሌት የማይነዱ ከሆነ በባቡሩ ደርሰው ይመለሱና ከምበርላንድ ጣቢያ ይጠብቋችሁ። የባቡሩ መርሐ ግብር በየወቅቱ ይለዋወጣል፤ ቲኬቱንም የብስክሌቱንም ቦታ አስቀድመሽ ያዢ።